ሥዕሉን ዝቅ አድርጉት

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ስለ ቤት ግድግዳ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ አዲስ ቤት የገቡ ባለትዳሮችና እናቶች ነበሩ። በቃሌ የተናገርኩትን ትንሽ አስተካክዬ ነው የጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እናቶች፣ ወደፊት ቀረብ በሉ፤ እዚህ ወንበር አለ።

ሥራዬን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ፍሬም ሠሪ ነኝ። ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የልደት፣ የሟች፣ ሁሉም ዓይነት ፎቶ በእጄ አልፏል። ሠርቼ ስጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ድረስ ሄጄ የምሰቅለውም እኔው ነኝ። በዚህ ምክንያት የጅማን ሳሎን አውቀዋለሁ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቦሳ ቂጦ፣ ከመንቲና እስከ ጅሬን፣ የስንቱን ቤት ቡና ጠጥቻለሁ።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ሥዕልና ፎቶ ዝቅ አድርጉት።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ኮቺ አካባቢ አንድ ቤት ሄድኩ። የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ልሰቅል ነው። የቤቱ እመቤት "እዚያ ጋ" አሉኝ። ያሳዩኝ ቦታ ከኮርኒሱ አንድ ስንዝር ዝቅ ያለ ነው። ከጎረቤት መሰላል ተዋስን። ወጥቼ ሰቀልኩት። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ቡና ተፈላ። በርጩማ ሰጡኝና ተቀመጥኩ። ስኒዬን ይዤ ቀና ስል ፎቶው የለም። ፊት ለፊቴ ያለው የሶፋው ጀርባና ባዶ ግድግዳ ነው። ፎቶውን ለማየት አንገቴን ወደ ኋላ መለጠጥ ነበረብኝ። ያኔም ያየሁት መስታወቱ ላይ የሚያበራውን አምፖል እንጂ የልጁን ፊት አይደለም።

አጠገቤ የልጁ አያት ተቀምጠዋል። እሳቸውም በርጩማ ላይ ናቸው። "እማማ፣ ፎቶውን እንዴት አዩት?" አልኳቸው።

"ምኑን አየሁት ልጄ፣ ሰማይ ላይ ሰቀላችሁት" አሉኝ።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተነስቼ አወረድኩት። ከሶፋው ጀርባ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ለቅቄ እንደገና መታሁት። ከዚያ ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ልጁ ጋዎኑን ለብሶ ፊት ለፊት ያየናል። አያትየው ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱት። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጎሽ" አሉት። ለእኔ አይደለም፤ ለፎቶው ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ነገር መቀመጥ ነው። መዶሻዬን ከማውጣቴ በፊት ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ፤ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ዐይኔ የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ።

ሙዚየሞችና የሥዕል ማሳያ ቤቶች አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው። የሥዕሉን መሃል ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ያደርጉታል። እዚያ ሰው የሚያየው ቆሞ ነው፤ የቆመ ሰው ዐይን ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ይህ ለእነሱ ልክ ነው። የእኛ ሳሎን ግን የተቀመጠ ሰው ቤት ነው። እንግዳ በር ላይ እንደታየ "ግቡ፣ ቁጭ በሉ" እንላለን። የቆመ እንግዳ ያስጨንቀናል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይን ከወለሉ 115 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ከሙዚየሙ ቁጥር ላይ አንድ ስንዝር ያህል መቀነስ አለብን።

አስቡት። የብዙ ሶፋ ጀርባ ከወለሉ 90 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሰው ሲደገፍ ጭንቅላቱ ፍሬሙን እንዳይገጨው 20 ሳንቲሜትር ልቀቁ። 110 ሆነ። ሥዕሉ የ50 ሳንቲሜትር ቁመት ቢኖረው መሃሉ 135 ላይ ያርፋል። ለቆመውም አይከፋ፣ ለተቀመጠውም ይታያል። መተላለፊያ ላይ፣ ሰው በእግሩ በሚያልፍበት ቦታ፣ የሙዚየሙን ቁጥር እንዳለ ውሰዱት። መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ ዝቅ በሉ፤ ጠዋት ዐይናችሁን ስትገልጡ ከትራስ የምታዩት ነው።

ከፍ አድርገን የምንሰቅለው ምክንያት ሳይኖረን አይደለም። ልጅ እንዳይነካው ነው። ኳስ እንዳይመታው ነው። ቡፌውና ቴሌቪዥኑ ቦታውን ስለያዙት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የምናከብረውን ነገር ከፍ ማድረግ ስለለመድን ነው። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ልነቅፈው አልመጣሁም።

ግን እናቶቻችን አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ልብ ብላችሁ ከሆነ ድሮ ፎቶ ከፍ ብሎ ቢሰቀልም ወደ ፊት ያዘነብላል። ገመዱ ረዘም ይላል፤ የታሰረውም በፍሬሙ ጀርባ ወደ መሃል ገደማ ነው። ስለዚህ የፍሬሙ እግር ግድግዳውን ይነካል፤ አናቱ ግን ወደ ሰው ዘንበል ይላል። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሽማግሌ ነው። መደብ ላይ የተቀመጠው ሰው ያየዋል፤ መስታወቱም ብርሃን አይመልስበትም። ዛሬ ፍሬሙ አናቱ ላይ መንጠቆ ይመታለትና ግድግዳው ላይ ልጥፍ ይላል። ከፍታውን ከድሮው ወሰድን፤ ማዘንበሉን ግን ተውነው። ያጣነው እሱን ነው። ቡፌው አስቸግሯችሁ የግድ ከፍ አድርጋችሁ የምትሰቅሉት ፎቶ ካለ ገመዱን ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ራሱ ይጎነበስላችኋል።

ግድግዳ ማልበስ ለእኛ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በብዙ ነባር አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሳለ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ግድግዳው ቢሰነጠቅም ጨርቁ ሥዕሉን ይዞ ይቆያል። የሐረር ነባር ቤቶችን ያየ ሰው ደግሞ ግድግዳው በስፌትና በሳህን መሞላቱን አይረሳም። እዚያ ሰው የሚቀመጠው መደብ ላይ ነው። ግድግዳው የሴቶቹን የእጅ ሥራ ለተቀመጠው ሰው ይዘረጋለታል።

እኔ ያደግኩበት ቤት የጭቃ ነበር። አቧራና ነፋስ እንዳያስገባ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ፊደል ለይቼ መጀመሪያ ያነበብኩት በመኝታዬ በኩል ያለውን ግድግዳ ነው። አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ነበር የተለጠፈው። እሱን ለማንበብ በጀርባዬ ተኝቼ አንገቴን ወደታች አንጠለጥል ነበር። ጽሑፉ ኮርኒስ ሥር ቢሆን ኖሮ እንኳን ላነበው፣ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

አሁን ስለ ጅማ እንነጋገር። ሌላ ከተማ የተጻፈ ምክር እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም። ምክንያቱ ዝናቡ ነው። እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል። ጠዋት ስትነሱ ልብሳችሁ ራሱ እርጥብ እርጥብ የሚልበት ወር ብዙ ነው። ከሶፋው ጀርባ ሻጋታ ያላየ አለ? ሥዕልም እንደዚያው ነው።

ይህንን የተማርኩት በሰው ሐዘን ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከአጋሮ በኩል አንድ አባት መጡ። የሟች ባለቤታቸውን ፎቶ ይዘዋል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ያኔ እንደለመድኩት ፎቶውን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ ከኋላ ካርቶን አድርጌ፣ ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። ሁለት ክረምት አለፈ። ተመልሰው መጡ። ፎቶው እርጥበት ስቦ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። በጉንጫቸው በኩል ውሃ የነካው ዓይነት ነጠብጣብ ወጥቷል። ጥጉን ትንሽ ላላቅቅ ስሞክር የፎቶው ቆዳ መስታወቱ ላይ ቀረ። እጄን ሰበሰብኩ። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። መስታወቱን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ምን መደረግ እንደነበረበት አሁን አውቃለሁ። በፎቶውና በመስታወቱ መካከል አየር መግባት አለበት። ዙሪያውን ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያላት የካርቶን ክፈፍ ከገባች በቂ ነው። ፎቶው መስታወቱን አይነካም፤ አይጣበቅም። ፍሬም ስታሠሩ ይህችን ክፈፍ ጠይቁ። ዋጋዋ ትንሽ ነው። ከኋላ ያለው ወረቀትም ፎቶውን በቀጥታ የሚነካው ንጹህ ነጭ ይሁን። ቡናማው የዕቃ ካርቶን ውሎ አድሮ ፎቶውን ያጠቁረዋል። ስኮችም ፎቶ ላይ አትለጥፉ፤ ቢጫ ይሆንና ይበላዋል።

ቤታችሁ ውስጥ መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካለስ? እባካችሁ አትላጡት። መስታወቱን በውጭ በኩል በደንብ ወልውሉትና በስልክ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በማይመታበት ቦታ አንሱት። ከዚያ አዲስ ይታተማል። የሽማግሌውን ፎቶ ያዳንኩት እንደዚያ ነው። ጉንጩ ላይ ያለውን ነጠብጣብ አንድ የፎቶ ቤት ልጅ በኮምፒውተር አጠፋልኝ። ዋናው ግን እስከ ዛሬ እንደተጣበቀ ነው። አብረው ነው የተሰቀሉት።

ሌላ ደግሞ አለ። ፍሬሙ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ካለ ጀርባው ይሻግታል። መድኃኒቱ አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። ከሶሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ቁረጡና በፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ሁለት ጥጎች ላይ በማስቲሽ ለጥፉ። ከግድግዳው አንድ ሳንቲሜትር ይርቃል፤ ነፋስ ያገኛል። ፍሬሙ እንዳይንሸራተትም ይይዘዋል። ዝናብ ከውጭ የሚገርፈው ግድግዳ ላይ ውድ ነገር አትስቀሉ፤ በክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው። አዲስ ከተለሰነ ግድግዳ ጋር ደግሞ አትቸኩሉ። ሲሚንቶው ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ።

ስለ ቡናው ጭስም ልንገራችሁ። ጅማ ውስጥ ቡና አታፍሉ የሚል ሰው ምን ይባላል! እሱን አልልም። ግን ረከቦቱ ያለበትን ጥግ ተመልከቱ። በላዩ ያለው ግድግዳ ከሌላው ጠቆር ብሏል። ከሰሉና ዕጣኑ በየቀኑ ይቀባዋል። እዚያ ቦታ ላይ ፎቶ ወይም የተጠለፈ ጨርቅ ከተሰቀለ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጨልማል። ከረከቦቱ ፊት ለፊት ስቀሉት እንጂ ከበላዩ አይሁን። ቡና የምታፈላዋ ቀና ስትል ታየዋለች። ደግሞ ለማየት ከእሷ የበለጠ ማን ይገባዋል? ሰዓታት እዚያ ቁጭ የምትለው እሷ ናት።

ምን ይሰቀል የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ገበያው ላይ ሦስት ቦታ የተከፈለ ካንቫስ አለ፤ የባሕር ዳርቻ፣ የሚሮጥ ፈረስ፣ ሌሊት የሚያበራ የውጭ አገር ድልድይ። የወደደው ይግዛ፤ ቤት የሚያምረው በወደዱት ነገር ነው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን የማታውቁት ድልድይ ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ።

አንዲት ጎረቤቴ እናቷ ሲያርፉ ያገኘችው ውርስ አምስት ሰፌድ ነበር። ሁለቱ ዳራቸው ተበልቷል። ልትጥላቸው አውጥታ ደጅ አስቀምጣቸዋለች። አንስቼ አየኋቸው። አንደኛው ላይ ቀዩ ስንደዶ እየደበዘዘ ሄዶ መሃሉ ላይ ብቻ ደምቆ ቀርቷል። ስፌቱ በአንድ ቦታ ላይ ረድፉን ስቷል፤ ከዚያ ሁለት ዙር ሄዶ ተስተካክሏል። "እማዬ እሱን ስትሰፋ እኔ ታምሜባት ነበር" አለችኝ። እዚያው ላይ ቆመን ብዙ ቆየን። በማግስቱ አምስቱንም ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አደረግናቸው። ትልቁን መሃል፣ የተበሉትን ጠርዛቸው ወደ ጥግ እንዲሆን አድርገን። ያወጣችው ገንዘብ የአምስት ሚስማር ዋጋ ነው። አሁን ቤቷ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለዚያች ረድፏን ስለሳተች ስፌት ነው።

ሰፌድ ስትሰቅሉ ግን ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት፤ የስንደዶው ቀለም ይለቃል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አውርዳችሁ አራግፉት፤ ተባይ እንዳይገባው።

የአያት ቀሚስ ጥለትም እንዲሁ ነው። ቀሚሱ ተቀዶ የማይለበስ ከሆነ ጥለቱ ግን ደህና ከሆነ በአንድ ዘንግ ላይ አጥፋችሁ ስቀሉት፤ መቁረጥ አያስፈልግም። በእጅ የተሠራ ዳንቴል ጠቆር ባለ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ፍሬም አድርጉት። እናቶች ለቴሌቪዥን ልብስ ያደረጉት ዳንቴል ግድግዳ ላይ ሲወጣ በረዶ ይመስላል።

ፎቶ ማንሳት የምትወዱ ወጣቶች ደግሞ አዌቱ ወንዝ፣ የቦዬ ረግረግ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚሁ አሉላችሁ። ቡናው ሲያብብ ውጡ። ዝናብ በጣለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያው ይረግፋል። ጅማ ተወልዶ የቡና አበባ ሳሎኑ ውስጥ የሌለው ሰው ሲያጋጥመኝ ይቆጨኛል።

ለማሳተም ስትመጡ አንድ ነገር አስተውሉ። ፎቶውን በቴሌግራም እንደተለመደው ከላካችሁልኝ መተግበሪያው ያሳንሰዋል። በ"ፋይል" አድርጋችሁ ላኩት። ጥርት ላለ ኅትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ያስፈልጋል። ጎኑ 1,280 ነጥብ የሆነ ፎቶ በዚህ ስሌት 11 ሳንቲሜትር እንኳን አይሞላም። ጎኑ 4,000 የሆነው ግን 34 ሳንቲሜትር ገደማ ድረስ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወረቀቱ የማያንጸባርቀው ዓይነት ይሁንላችሁ። አምፖል አይታይበትም።

የልጆችን ሥዕል ደግሞ አትርሱ። ብዙ ቤት ልጅ የሳለው ወረቀት ፍራሽ ሥር ነው ያለው። ገመድ ወጥሩ፤ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉለት። ከፍታው የእሱ ቁመት ይሁን፤ 90 ሳንቲሜትር፣ አንድ ሜትር። በየሳምንቱ ራሱ ይቀይረዋል። ለሥራው ቦታ ያገኘ ልጅ ግድግዳው ላይ መሞነጫጨሩን ሲተው ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከፍ ብሎ መቀመጥ ያለበት ነገርም አለ። በክርስቲያን ቤት የእመቤታችንና የመድኃኔዓለም ሥዕል ብዙ ጊዜ በምሥራቅ በኩል፣ ጸጥ ባለ ጥግ ይሆናል። በሙስሊም ቤት የቁርአን አንቀጽ በክብር ቦታ ይሰቀላል፤ ሰላት በሚሰገድበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የሰው ፎቶ አለማድረግን ብዙዎች ይመርጣሉ። እነዚህን ዝቅ አድርጉ አልልም። የሚከበረው ባለበት ይቆይ። እኔ የምናገረው ስለምናየውና ስለምንናፍቀው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሚስማሩ። እዚህ ላይ ብዙ ግድግዳ ይሞታል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ብቻውን ምንም አይይዝም። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ድምፁ ደፈን የሚልበት ቦታ ላይ ቋሚው እንጨት ወይም ማገሩ አለ። ሚስማሩ እሱን ማግኘት አለበት። ብሎኬት ከሆነ ደግሞ የኮንክሪት ሚስማር በመዶሻ ስትመቱ ልስኑ ይፈነከታል። ድሪል ተዋሱ። ባለ 6 ሚሊሜትር መብሻ፣ ባለ 6 ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ)፣ አንድ ብሎን። ከመብሳታችሁ በፊት ቦታው ላይ ስኮች ለጥፉ፤ ልስኑ አይረግፍም። የመብራት ገመድ ከማብሪያና ማጥፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳልና በዚያ መስመር ላይ አትብሱ።

ክብደቱንም ገምቱ። ባለ 3 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። 60 በ90 የሆነ ፍሬም መስታወቱ ብቻ 4 ኪሎ ነው። ይህን በልጅ አልጋ በላይ አትስቀሉ። እዚያ ጨርቅ ወይም መስታወት የሌለው ካንቫስ ይሁን።

ትልቅ ፍሬም በአንድ ሚስማር ከሆነ በር በተዘጋ ቁጥር ይጣመማል። ሁለት ሚስማር ምቱለት፤ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ። የጅማን በርጩማ እዩ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር ይወጣለታል፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ ብታስቀምጡት እንኳን አይነቃነቅም። ጠራቢው መሬቱን አስቦ ነው የሠራው። እኛም ግድግዳውን አስበን እንስቀል። እንጨት ካነሳን አይቀር ለፍሬም የዋንዛ ቁራጭ የሚተካ አላገኘሁም። ቀላል ነው፤ ቶሎ አይጣመምም። በየእንጨት ሥራ ቤቱ የሚወድቀው ትርፍ ለአንድ ፎቶ ይበቃል።

ተከራዮች፣ እናንተንም አልረሳሁም። አከራይ "ሚስማር እንዳትመታ" ካለ አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ሜትር የምትሆን ቀጭን ጣውላ ውሰዱ። የግድግዳውን ቀለም እንድትመስል ቀቧት። አከራዩን አስፈቅዳችሁ በሦስት ብሎን ብቻ አንድ ጊዜ ትመታለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ከእሷ ላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ዐሥር ፎቶ ብትሰቅሉ፣ በየወሩ ብትቀያይሩ፣ ግድግዳው ላይ የሚኖረው ሦስት ቀዳዳ ነው። ስትለቁ በጀሶ ትደፍኑታላችሁ። ከገመዱ ስለሚንጠለጠሉ ደግሞ እንደ ድሮው ዘንበል ይላሉ። ከፍታቸውንም በገመዱ ርዝመት ታስተካክላላችሁ።

ብዙ ፎቶ አንድ ላይ ስትሰቅሉ መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሩት። በመካከላቸው ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ልቀቁ። ሲራራቁ ዘመድ አይመስሉም።

ከመብሳታችሁ በፊት ግን የመጨረሻውን ነገር አድርጉ። ጋዜጣ በፍሬሙ ልክ ቁረጡና ግድግዳው ላይ በስኮች ለጥፉት። ሁለት ቀን ተዉት። ቡና ጠጡበት፤ ራት ብሉበት። የቤቱ ትልቅ ሰውና የቤቱ ትንሽ ልጅ ተቀምጠው ይዩት። "ከፍ አለ" ካሉ ዝቅ አድርጉ። ወረቀት ማውረድ ቀዳዳ ከመድፈን ይቀላል።

እንዲያውም እዚሁ እንሞክረው። ያ ግድግዳ ላይ ያለውን የአዳራሹን ሥዕል አያችሁት? ከገባን አንድ ሰዓት ሆነን። ስለ ምን እንደሆነ ማን ሊነግረኝ ይችላል? እንግዲህ እዚያ ከፍ ብሎ ነው የከረመው። ኃላፊዎቹን አስፈቅጃለሁ። ሜትርም፣ ድሪልም፣ ውሃ ልክም ይዤ መጥቻለሁ። እማማ፣ እርስዎ እዚያው እንደተቀመጡ ይቆዩ፤ የምንለካው በእርስዎ ዐይን ነው። አንተ ወንድሜ፣ ወረቀቱን ያዝልኝ። ዝቅ አድርገው። አሁንም ዝቅ። እማማ፣ እዚያ ጋ ይታይዎታል?